ቀጠሮው እስኪደርስ፦ የስፔሻሊስት ሕክምና ለሚጠብቁ ምእመናን ሰበካ ጉባኤ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩ ምእመናን መካከል አንዲት ታጥፋ የቆየች ወረቀት በቦርሳቸው ወይም በመዝሙረ ዳዊታቸው ገጾች መካከል ይዘው የሚኖሩ አሉ። በወረቀቷ ላይ የሆስፒታል ማኅተም፣ የካርድ ቁጥርና አንድ ቀን ሰፍሯል። ቀኑ ብዙ ጊዜ ቅርብ አይደለም፤ ከሦስት ወር፣ ከስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው። ስለ ሕመሙ የሚናገር ሐኪም፣ ስለ ጸሎቱ የሚናገር ካህን አይጠፋም። ወረቀቷ ከተሰጠችበት ቀን አንሥቶ እስከ ተጻፈባት ቀን ድረስ ስላለው ረጅም ጊዜ ግን ሕመምተኛውን የሚያነጋግረው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ትምህርት የሚመለከተው ያንን ጊዜ ነው።

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የምናስበው መጻጉዕ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በአልጋው ላይ ኖሯል። ጌታችን ሊድን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ የመለሰው ስለ ሕመሙ ጽናት አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንዳጣ፣ እርሱ እስኪደርስም ሌላው እየቀደመው እንደ ኖረ ነገረው እንጂ። ይህን ወንጌል በየዓመቱ የምንሰብከው ስለ ጌታችን የማዳን ኃይል ነው፤ ተገቢም ነው። ለሰበካ ጉባኤ አባል ግን አንድ ሌላ ነገር አብሮ ሊታየው ይገባል። መጻጉዕ ቦታውን ያውቅ ነበር፤ የሚጠብቀውንም ያውቅ ነበር፤ ያጣው የሚያደርሰውን ሰው ነው። በዘመናችንም የስፔሻሊስት ቀጠሮ ከሚጠብቁት መካከል ብዙዎች ከመስመር የሚወጡት ሕክምናውን ጠልተው ሳይሆን ቀኑን የሚያስታውሳቸው፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ የሚሞላላቸው፣ ከደረጃ የሚያወርዳቸው ሰው በማጣታቸው ነው። ሰበካ ጉባኤ ስፔሻሊስት ሐኪም መቅጠር፣ የጨረር መሣሪያ መግዛት አይቻለውም። ቀጠሮው እንዳይጠፋ መጠበቅ ግን ይችላል።

ወረፋው ከየት መጣ?

ሕመምተኛና ቤተሰቡ ረጅም ቀጠሮ ሲሰጣቸው በመጀመሪያ የሚሰማቸው መናቅ ነው። ገንዘብ ወይም ዘመድ ስለሌላቸው የተገፉ ይመስላቸዋል። ይህ ስሜት በጊዜው ካልተነገረለት ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ወረቀቱን ጥሎ ይቀመጣል፤ ወይም ያለውን ሽጦ ወደማይጠቅመው ቦታ ይሮጣል። ስለዚህ የወረፋውን ምክንያት ማወቅና ማስረዳት ከማጽናናት ሥራ የሚቆጠር ነው።

የአገራችን የጤና አገልግሎት በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው። በታችኛው እርከን ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በመካከለኛው አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በላይኛው ደግሞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። በጤና ሚኒስቴር መለኪያ መሠረት በከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ለ40,000 ሰው፣ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ስሌት ነው። የልብ፣ የነርቭ፣ የኩላሊትና የካንሰር ስፔሻሊስቶች ግን አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ስለሚገኙ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሰለፈው የከተማው ነዋሪ ብቻ አይደለም። የገላኑ ሕመምተኛ የሚቆምበት ተራ ከጋምቤላ፣ ከወሎ፣ ከባሌ በሬውን ሸጦ የመጣው ሰው የሚቆምበት ያው ተራ ነው።

የጨረር ሕክምናን እንውሰድ። ከሃያ ዓመት በላይ በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ይሰጥበት የነበረው ቦታ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር በአንድ ማዕከል ያሉ ጥቂት መሣሪያዎች ሲበላሹ ወይም መለዋወጫ ሲታጣ ወረፋው በወራት ይረዝማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሌሎችም ከተሞች አዳዲስ ማዕከላት እየተከፈቱ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ የተጠራቀመው ወረፋ በአንድ ጀንበር አይቃለልም።

የልብ ሕመምም እንዲሁ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት ተጀምሮ በጥቁር አንበሳ ግቢ የተሠራውና በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ሕሙማን ማዕከል የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል። ቀዶ ሕክምናውን በመጠበቅ ላይ ያሉት ሕፃናትና ወጣቶች ግን ዛሬም በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ የብዙዎቹ ሕመም መነሻ በሕፃንነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ቁስለት መሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁም። ቁስለቱን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል አሳስቶ በልብ ቧንቧ በሮች ላይ ያስነሣዋል፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለውም ይኸው ነው።

ወረፋ የድሃ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ እንኳን መንግሥት ሕመምተኛው ስፔሻሊስት ዘንድ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና እንዲጀምር መለኪያ አውጥቶ ሳለ፣ ከዚያ በላይ የሚጠብቁት እጅግ ብዙ ናቸው። የእኛን የሚያከብደው በቤቱ ሆኖ የሚጠብቀውን ሰው በስልክ የሚከታተል፣ ሕመሙ ቢብስ ተራውን የሚያይለት አሠራር ገና ያልጠነከረ መሆኑ ነው።

በገላን የሚከብደው

በገላን ኮንዶሚኒየም ከሚኖሩት ብዙዎቹ ዕጣ ወጥቶላቸው ወይም የቀድሞ ሰፈራቸው ለልማት ፈርሶ ከመሐል ከተማ የመጡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች የሰፈሩበት ገላን ጉራም ከዚሁ አካባቢ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ዕድሩን፣ የጽዋ ማኅበሩን፣ የንስሐ አባቱን፣ ቡና አጣጭ ጎረቤቱን ግን ይዞ መምጣት አይችልም። በድሮው ሰፈር የታመመን ሰው ማን እንደሚጠይቅ ሳይነገር ይታወቅ ነበር። በአዲሱ ብሎክ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ስም ለስም ሳይተዋወቁ ዓመት ሊሞላቸው ይችላል። ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ይህ ብቸኝነት ከሕመሙ ባልተናነሰ ይጎዳዋል።

የሆስፒታል ካርዱም እንዲሁ በድሮው ሰፈር ይቀራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነት በወረዳ የሚመዘገብ በመሆኑ፣ ወረዳ የለወጠ ቤተሰብ ምዝገባውን ካላዛወረ በሪፈር ወረቀቱ ላይ እክል ይገጥመዋል። በዚህ ላይ ሕንፃዎቹ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ልቡ የደከመ ወይም እግሩ ያበጠ ሰው ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ መመለስ ለእርሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ወደ መሐል ከተማ ሆስፒታሎች ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የቀላል ባቡሩ ደቡባዊ መስመር ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ እስከዚያ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ መድረስ ግድ ይላል። ማለዳ ካርድ ክፍል ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ መውጣት ያስፈልጋል፤ ለብቻዋ የምትኖር አሮጊት ደግሞ በጨለማ አትወጣም።

ገላን ግን ሩቅ ነው ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና ከአትሌት ጥሩነሽ ዲባባ የ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ድል ስያሜውን ያገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው ያለው። ብዙ ሰው መሐል ከተማ ያለውን ትልቅ ሆስፒታል ስም ብቻ ሰምቶ ይህን አልፎ ይሄዳል፤ ያለ ሪፈር ስለሄደም ተመልሶ ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ ከወረዳው ጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታሉ አልፎ፣ በዚያ ባለው የላይዘን ክፍል በኩል ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መላክ ነው። መንገዱ የረዘመ ይመስላል፤ በመጨረሻ ግን ያሳጥራል። ከዚህም በላይ፣ ዋናው ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ የደም ግፊት መለካት፣ የስኳር መጠን ማየት፣ መርፌ መወጋት፣ ቁስል ማጠብና መድኃኒት ማስሞላት በቅርብ ጤና ጣቢያ ሊከናወን ይችል እንደ ሆነ ስፔሻሊስቱን መጠየቅና በጽሑፍ ማስያዝ ይገባል። እንዲህ የተጠየቀ ሐኪም ብዙ ጊዜ እሺ ይላል፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ቀጠሮ የሚጠፋባቸው ቀዳዳዎች

ሰበካ ጉባኤው በበጎ አድራጎት ክፍሉ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል አንድ የታመነ ሰው መርጦ አንድ ደብተር ቢያስይዘው ብዙ ቀጠሮ ይድናል። ደብተሩ የሕመሙን ዓይነት መያዝ አያስፈልገውም። ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የአንድ የቅርብ ሰው ስልክ፣ የሆስፒታሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የቀጠሮው ቀን ከሰዓቱ ጋር፣ አብሮ የሚሄደው ሰው፤ ይህ በቂ ነው። ሕመምተኛው ራሱ ፈቅዶ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይመዘገብ፣ ደብተሩም ከያዡና ከአስተዳዳሪው ካህን በቀር ለማንም እንዳይታይ መወሰን አለበት። ስለ ሰው ሕመም በዐውደ ምሕረት ስም ጠርቶ ማሳሰብ፣ በጎ ታስቦ ቢሆንም፣ ብዙዎችን ከቤተ ክርስቲያን ያሸሸ ልማድ ነውና ሊቀር ይገባዋል።

ቀኑን ሲመዘግቡ የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ሰው ያስቀራል። ዓመቱ ሳይጻፍ “5/9” ተብሎ ብቻ የተሰጠ ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 5 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተጻፈ ግን ሴፕቴምበር 5፣ ይኸውም ነሐሴ 30 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ወደ አራት ወር የሚጠጋ ልዩነት አለ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ “8:00” ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት? ወረቀቱ በተሰጠበት ቦታ፣ ከመስኮቱ ሳይርቁ ጠይቆ በፊደል መጻፍ ይበጃል፤ “ማክሰኞ ግንቦት 5፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት” ተብሎ የተጻፈ አያሳስትም። አጠገቡ የበዓሉን ስም መጨመር ለሽማግሌዎች ይረዳል፤ ግንቦት 5ን የሚረሳ ሰው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ቀን አይረሳም።

ስልክ ሌላው ቀዳዳ ነው። ሆስፒታሉ ቀጠሮ ሲያዛውር ወይም ተራ ሲከፈት የሚደውለው ካርዱ በተከፈተበት ጊዜ ወደ ተመዘገበው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋ ሲም ካርድ ወይም ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ስልክ ሊሆን ይችላል። ቁጥር የለወጠ ሰው ካርድ ክፍል ሄዶ እንዲያስተካክል፣ ሁለተኛ ቁጥርም እንዲያስጨምር ማሳሰብ ያሻል። ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎም በስልክ ወይም በአካል ማረጋገጥ፣ ቀጠሮው ተዛውሮ ከሆነ በከንቱ ከመንገላታት ያድናል። የገላን ሰው ከክፍለ አገር ከመጣው የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ በድንገት ተራ ቢከፈት በማግሥቱ መድረስ ይችላል። ስለዚህ ተራ ከተከፈተ እንዲጠሩት ስልኩን ለክፍሉ ነርስ መስጠት ክብርን የሚነካ ልመና አይደለም።

ወረቀቶቹን በተመለከተ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የላቦራቶሪና የፓቶሎጂ ውጤት፣ የራጅ፣ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ፊልም በአንድ ፌስታል ተደርገው ከእርጥበትና ከሕፃናት እጅ ርቀው ይቀመጡ። ፊልም አይታጠፍም። ወጣቶች ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ቢያስቀምጡላቸው ዋናው ቢጠፋ እንኳን ነገር ከመጀመሪያ አይጀመርም። የሪፈር ወረቀቱ እስከ መቼ እንደሚያገለግልና የጤና መድኅኑ መታደሻ ቀን መቼ እንደ ሆነ አብሮ ይመዝገብ። ቀጠሮው ከዓመት በኋላ ከሆነ፣ መድኅኑ በመካከል ጊዜው ያልፋል ማለት ነው። የመድኅኑን መዋጮ መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ቢኖር፣ ወረዳው ድሆችን በነጻ የሚያካትትበት አሠራር ስላለ ሰበካ ጉባኤው ምስክርነት ሊሰጥለት ይችላል። በሙዳየ ምጽዋት ከሚሰበሰበው ጥቂቱን ለሕሙማን መሳፈሪያ መለየትም ከብዙ ትልልቅ ዕቅዶች የበለጠ ፍሬ ያፈራል ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

አብሮ የሚሄደው ሰው ሥራ ተሸክሞ ማድረስ ብቻ አይደለም። ስፔሻሊስቱ ዘንድ የሚቆዩባት ጊዜ አጭር ናት፤ ስድስት ወር የተጠበቀች ጊዜ በድንጋጤ ታልፋለች። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ምን ምን እንደ ሆኑ፣ ሐኪሙን ሊጠይቁት የሚፈልጉትን ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ በወረቀት መጻፍ ያስፈልጋል። የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ከማስታወስ ይሻላል። ባህላዊ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም አይደብቅ፤ አስታማሚው ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል።

ደብተሩን የሚይዘው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት፤ ቀጠሮ ማለት እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም ቢመጣ መጠበቅ ማለት አይደለም። በድንገት የአካል አንድ ጎን መዛል ወይም አፍ መጣመም፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል፣ የደረት ጥብቀት፣ የማያቋርጥ መድማት፣ ራስን መሳት፣ ሽንት ፈጽሞ መቅረት፣ የሚጥል በሽታ ሳያቋርጥ መደጋገም፣ ኬሞቴራፒ በሚወስድ ሰው ላይ ትኩሳት መነሣት፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። ቀስ ብሎ የሚመጣ መባባስም አለ፤ ክብደት መቀነስ፣ የዕጢ ማደግ፣ የዓይን ብርሃን እየደከመ መሄድ። እንዲህ ሲሆን ወደ ላከው ሐኪም ተመልሶ መታየትና ለውጡን በጽሑፍ አስይዞ ቀጠሮው እንዲፋጠን መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው።

ጸበል፣ ጾምና መድኃኒት

ይህ ክፍል ለካህናት ነው። ረጅም ጥበቃ ላይ ያለ ሰው ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባቱን ብዙ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህም መድኃኒቱን ይቀጥል ወይም ያቋርጥ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በካህኑ አንድ ቃል፣ አንዳንዴም በካህኑ ዝምታ ነው።

ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን የለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ሕመምተኛው እንዲጸልይ ካዘዘ በኋላ ለሐኪምም ስፍራ እንዲሰጥ ይናገራል። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ የሕክምና ስፍራ ማሠራቱ የታወቀ ነው። በእኛም ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በይፋ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ለአንድ ሕመም ብቻ የተሰጠ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም ያነሣነውን እዚህ ላይ እናስታውስ። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ ይታዘዝለታል፤ ለአንዳንዱም ሐኪሙ በሚዋጥ መድኃኒት ይተካዋል። መድኃኒቱ የተጎዳውን የልብ በር አይጠግንም። የሚያደርገው የጉሮሮው ቁስለት ተመልሶ በሩን ይበልጥ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው። ልጁ ደኅና ስለሚመስል፣ መርፌውም ስለሚያም፣ ወላጆች ከጥቂት ወራት በኋላ ይተዉታል፤ ተራው ሲደርስ የልጁ ልብ ተራው በተያዘበት ጊዜ እንደ ነበረው አይሆንም። በወር አንድ ቀን፣ እንበል በማርያም ወይም በሚካኤል ዕለት፣ “የልጁ መርፌ ተወጋ ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ የንስሐ አባት ለዚያ ልጅ የሚያደርግለትን ከባድ መሣሪያ ያለው ሆስፒታል አያደርግለትም። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም በድንገት ሲቋረጥ አደጋ ያመጣል፤ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ።

ሱባኤ የሚገባ ሕመምተኛ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ሌላ የጸበል ቦታ ከመሄዱ በፊት የቀጠሮው ቀን በሱባኤው መካከል እንዳይወድቅ ይታይለት፤ መድኃኒቱንም በቂ አድርጎ ይያዝ። ስለሚጠጣው ጸበል መጠንም አንድ ነገር መነገር አለበት። የልብ ድካም ያለበት ወይም ኩላሊቱ የከሸፈ ሰው በቀን የሚጠጣው ፈሳሽ በሐኪም የተወሰነ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ብዙ ሊትር ጸበል በአንድ ጊዜ መጠጣት እግሩን ያሳብጠዋል፤ ሳንባውንም ውኃ ያስይዘዋል። በረከቱ በሊትር እንደማይለካ፣ ጥቂት ቀምሶ መጠመቅ እንደሚበቃው አጥማቂው ካህን ቢነግረው ይሰማል፤ ሐኪም ቢነግረው ግን እምነት የጎደለው መስሎ ይታየዋል።

ጾምም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ያላትን ርኅራኄ ካህናት ያውቃሉ፤ ሕሙማኑ ግን ለመጠየቅ ያፍራሉ። በተለይ አረጋውያን እናቶች መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወሰድ መሆኑን እያወቁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ይቆያሉ። ካህኑ ሳይጠየቅ ቀድሞ ቢናገር፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ጠይቆ ፈቃድ ቢሰጥ፣ ነፍስንም ሥጋንም ይረዳል።

የሥቃይ ነገርም አለ። ሥቃይን ችሎ ዝም ማለት ጽድቅ የሚመስላቸው ሕሙማን ብዙ ናቸው፤ ማስታገሻ መጠየቅንም ሱስ ይፈሩታል። በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የሞርፊን ሽሮፕ ሕጋዊ መድኃኒት ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በየቤታቸው እየጎበኘ የማስታገሻ እንክብካቤ ይሰጣል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም ከሩቅ ለሚመጡ የካንሰር ሕሙማን መጠለያና ድጋፍ ያደርጋል። ደብተር ያዡ እነዚህን ማወቅ አለበት።

ተራ ስለ ማስቀደም

ከሰበካ ጉባኤ አባላት መካከል በሆስፒታል የሚሠራ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው አይጠፋም። ቀጠሮ የረዘመበት ምእመን ሲያለቅስ የመጀመሪያው ሐሳብ ወደዚያ ሰው መደወል ነው። ይህን በጥንቃቄ መለየት ይገባል። ቀጠሮው የት እንዳለ መጠየቅ፣ የጠፋ ካርድ ማስፈለግ፣ ሕመሙ መባባሱን ለክፍሉ ማስታወቅ ቅን ሥራ ነው። በእጅ መንሻ ወይም በዝምድና ከሌላው ፊት ማስቆም ግን ሌላ ነው። የተገፋውን ሰው አናውቀውምና አይታየንም። ምናልባት በሆስፒታሉ አጥር ሥር ጋቢ ተከናንቦ ያደረ፣ ከወሎ የመጣ ገበሬ ይሆናል። ከመጻጉዕ ቀድመው ወደ ውኃው የወረዱትም ሕሙማን ነበሩ፤ ሰው ያላቸው ሕሙማን።

ሐኪሞች ሕመሙ የጸናበትን አስቀድመው ማየታቸው ከዚህ የተለየ ነው፤ ያ በሕመም ክብደት የሚሰጥ ተራ እንጂ በሰው ብዛት የሚገኝ አይደለም። አንድ ምእመን ከእርሱ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሞት ሲገባ አይቶ ቢማረር፣ ይህን ልዩነት አስረድቶ ማጽናናት ያስፈልጋል። በእውነት ተበድሎ ከሆነም በየሆስፒታሉ ቅሬታ የሚቀበል ክፍል አለ፤ ቅሬታውን በጽሑፍ አድርጎ አብሮት የሚሄድ ሰው ሰበካ ጉባኤው ቢሰጠው ተገቢ ነው።

ለጉባኤው መወያያ

በሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ጥያቄዎች አንሥታችሁ ተወያዩ። በአጥቢያችሁ ከሦስት ወር በላይ ቀጠሮ የሚጠብቁ ምእመናን እነማን እንደ ሆኑ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ከሌለ፣ ማንን በቅድሚያ እንጠይቅ፦ የንስሐ አባቶችን፣ የብሎክ ኮሚቴዎችን፣ ወይስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን? በዚህ ዓመት ወደ አጥቢያው የመጡ አዲስ ነዋሪዎች የጤና መድኅን ምዝገባቸውን አዛውረዋል? ደብተሩን ማን ይያዝ፤ እርሱ ቢታመም ማን ይተካው? ለመሳፈሪያ በወር ስንት ብር መለየት እንችላለን? በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ በእግሩ መውረድ የማይችል ሕመምተኛ ካለ፣ በቀጠሮው ዕለት ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንበር ይዘው የሚወጡት አራት ወጣቶች እነማን ናቸው?